ፖሊመር ወይስ ሰርፋክታንት? መጀመሪያ ነዳጁ ለምን እንደቀረ እንወቅ

አዳማ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን ሲደርስ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ወይም ጂኦሎጂ የሚማሩ ልጆች ከመሬት በታች የቀረ ድፍድፍ ነዳጅን በኬሚካል ስለማውጣት ማጥናት ይፈልጋሉ። ከዚያ "ፖሊመር ልሥራ ወይስ ሰርፋክታንት?" ይላሉ። ፖሊመር ውሃን የሚያወፍር፣ ሰርፋክታንት ደግሞ እንደ ሳሙና ያለ ኬሚካል ነው። ብዙ ጊዜ ምርጫው የሚወሰነው የትኛው ኬሚካል በቀላሉ ይገኛል በሚለው ነው። አንዳንዴም ቀድሞ የተመረቀ ጓደኛ የሠራው ይደገማል።

ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ጉዳዩን ከውጭ ሆኖ መረዳት የሚፈልግ ሰውም ያገኝበታል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሁለቱ ኬሚካሎች ተፎካካሪ አይደሉም። አንዱ የሚፈታውን ችግር ሌላው አይፈታም። ስለዚህ "የቱ ይሻላል?" ከማለት በፊት "ነዳጁ ለምን ቀረ?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ጥያቄ የዘለለ ጥናት፣ ላቦራቶሪው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ መልሱን በአጋጣሚ ነው የሚያገኘው።

ነዳጁ ለምን ይቀራል?

ብዙ ሰው ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተጠራቅሞ የሚገኝ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ነዳጁ ያለው በአሸዋ ድንጋይ ወይም በኖራ ድንጋይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። መስኩ ሥራ ሲጀምር በተፈጥሮ ግፊቱ ይወጣል። ግፊቱ ግን ብዙ አይቆይም። በዚህ መንገድ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ አለቱ ከያዘው አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። ቀጥሎ ውሃ በፓምፕ ይገባል። በአንዳንድ ጉድጓዶች ውሃ ይገፋል፣ በሌሎቹ ነዳጅ ይወጣል። በውሃው እርዳታ አጠቃላይ ምርቱ 30 ወይም 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ነዳጅ እዚያው አለቱ ውስጥ ይቀራል።

የሚቀረው በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው፣ ውሃው ጭራሽ አልደረሰበትም። ውሃ ቀጭን ነው፣ ነዳጁ ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው። ቀጭን ፈሳሽ ወፍራሙን ሲገፋ ፊቱን አስተካክሎ አይሄድም። እንደ ጣት እየሾለ ሰርጎ ያልፋል። በዚያ ላይ አለቱ አንድ ወጥ አይደለም። ፈሳሽ በቀላሉ የሚያሳልፉ ንጣፎች አሉት፣ ውሃውም እነሱን መርጦ ይሮጣል። ነዳጅ ማውጫው ጉድጓድ ጋ ቶሎ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ባብዛኛው ውሃ ነው። ግራና ቀኝ ያለው ነዳጅ አልተነካም።

ሁለተኛው፣ ውሃው ደርሶበታል፣ ግን ሊያላቅቀው አልቻለም። ነዳጁ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተቆራርጦ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይያዛል። በውሃና በነዳጅ መካከል ያለው የወለል ውጥረት ጠብታው ቅርፁን ቀይሮ በጠባቡ አንገት እንዳያልፍ ያግደዋል። ውሃው ዙሪያውን ዞሮ ይሄዳል።

ፖሊመር የመጀመሪያውን ችግር ይፈታል። ሰርፋክታንት ሁለተኛውን።

ፖሊመር ምን ያደርጋል?

ተልባ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ውሃው እንዴት እንደሚዝለገለግ እናውቃለን። ጥቂት ተልባ ብዙ ውሃ ያወፍራል። የነዳጅ መስክ ፖሊመርም ሥራው ይኸው ነው። ረጃጅም ሞለኪውሎች ውሃው ውስጥ ተዘርግተው እንዲወፍር ያደርጉታል። በስፋት የሚሠራበት በከፊል ሃይድሮላይዝ የተደረገ (ከውሃ ጋር ተዋህዶ የተለወጠ) ፖሊአክሪላማይድ ነው። በሙያው አጠራር ኤችፓም ይባላል። የሞለኪውል ክብደቱ 20 ሚሊዮን ዳልተንና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ውሃው ውስጥ የሚጨመረው ግን ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 2,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ)።

ስሌቱን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትሠሩት ነገሩ ፍንትው ይላል። መሐንዲሶች የሞቢሊቲ ሬሾ የሚሉት ቁጥር አለ። ውሃው አለቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ቅለት ለነዳጁ ቅለት ሲካፈል ማለት ነው። የውሃው ቪስኮሲቲ (የውፍረቱ ልክ) 0.5 ሴንቲፖይዝ፣ የነዳጁ 50 ሴንቲፖይዝ ይሁን። አለቱ ለውሃ ያለው አንጻራዊ ፐርሚያቢሊቲ (ፈሳሹን የማሳለፍ ችሎታ) 0.3፣ ለነዳጅ 0.9 እንበል። 0.3 ለ0.5 ሲካፈል 0.6 ነው። 0.9 ለ50 ሲካፈል 0.018 ነው። ሬሾው 33 ገደማ ይሆናል። ከ1 በላይ ከሆነ ውሃው መሾል ይጀምራል። 33 ሲሆን ደግሞ ነዳጁን ጥሎት ነው የሚሮጠው። አሁን ውሃውን በፖሊመር 20 ሴንቲፖይዝ አድርሱት። ሬሾው ወደ 0.83 ይወርዳል። ነዳጁ አልተለወጠም፣ አለቱም አልተለወጠም። የሚገፋው ፈሳሽ ብቻ ነው የተለወጠው።

በዓለም ላይ ከኬሚካል ዘዴዎች ሁሉ በብዛት የተሠራበት ፖሊመር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቻይናው ዳቺንግ መስክ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከ1996 ጀምሮ ፖሊመር በኢንዱስትሪ ደረጃ ገባበት። ከውሃ በላይ ተጨማሪ 10 በመቶ ገደማ ነዳጅ ማውጣት ተችሏል። የኦማኑ ማርሙል መስክ ነዳጅ 90 ሴንቲፖይዝ አካባቢ ነው፤ እዚያም ከ2010 ጀምሮ ፖሊመር በሰፊው ይሠራበታል። በሕንድ ራጃስታን የሚገኘው ማንጋላ መስክም ሰም የበዛበትን ነዳጁን በፖሊመር ይገፋል። ካናዳ ውስጥ ፔሊካን ሌክ የሚባለው መስክ ነዳጁ ከ1,000 ሴንቲፖይዝ በላይ ሆኖም ፖሊመር ይሠራበታል። ድሮ በመማሪያ መጻሕፍት "ከ150 ሴንቲፖይዝ በላይ ለሆነ ነዳጅ ፖሊመር አይሞከር" ይባል ነበር። አግድም የተቆፈሩ ጉድጓዶች ሲመጡ ያ ገደብ ተሰበረ። ስለዚህ በድሮ ሠንጠረዥ ብቻ ተመሥርታችሁ መስክ አትጣሉ።

ድክመቶቹ ግን እውነተኛ ናቸው። እነሱን ሳያውቁ ፖሊመር መምረጥ ብር መድፋት ነው።

ጨው ዋናው ነው። የኤችፓም ሰንሰለት ላይ ያሉ የኤሌክትሪክ ቻርጆች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ሰንሰለቱ ተዘርግቶ ይቆያል። ጨው ሲበዛ ይህ መገፋፋት ይዳከማል። ሰንሰለቱ ይኮማተራል፣ ውሃውም ይቀጥናል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ከተራው ጨው ይብሳሉ። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን ሞለኪውሉ ቀስ በቀስ ይበልጥ ሃይድሮላይዝ ይደረጋል። ከዚያ ካልሲየም ካገኘ ተያይዞ ይዘቅጣል። ለሞቃትና ለጨዋማ መስክ ኤቲቢኤስ የሚባል ሞኖመር (የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት) የተቀላቀለባቸው ፖሊመሮች አሉ። ከ90 ዲግሪ በላይም ይቋቋማሉ። ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል።

ሦስተኛው መሰባበር ነው። ረጅም ሰንሰለት በጠባብ ቫልቭ በከፍተኛ ፍጥነት ሲያልፍ ይቆረጣል። አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። አራተኛው ኦክስጅን ነው፤ በተለይ ውሃው ውስጥ ብረት ካለ። ለዚህ ነው መስክ ላይ ፖሊመር የሚዘጋጅባቸው ታንከሮች በናይትሮጅን የሚሸፈኑት።

ዛንታን የሚባለው ባዮፖሊመር ጨውንም መሰባበርንም ከኤችፓም በተሻለ ይቋቋማል። የሚሠራው ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ በተባለ ባክቴሪያ ነው። ሳንካው ሌሎች ባክቴሪያዎች አለቱ ውስጥ የሚበሉት መሆኑ ነው። ስለዚህ ፀረ ባክቴሪያ ኬሚካል ይፈልጋል። በደንብ ካልተጣራም የሴል ቅሪቱ ጉድጓዱን ይደፍናል።

የአለቱ ጥበትም ይታሰብ። ፐርሚያቢሊቲው ከ100 ሚሊዳርሲ በላይ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ከ50 በታች ከወረደ ረጅሙ ሞለኪውል ራሱ ማለፍ ይቸግረዋል። አጭር ሞለኪውል ትመርጣላችሁ፣ ያኔ ደግሞ ለተመሳሳይ ውፍረት ብዙ ኪሎ ይፈጃል።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያዙ። ፖሊመር ጠብታ ሆኖ የተያዘውን ነዳጅ በመሠረቱ አያላቅቅም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ፖሊመሩ የመለጠጥ ባሕርይ ስላለው ጥቂት ይጎትታል ይላሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ፕሮጀክት በዚህ ተስፋ ላይ አልገነባም።

ሰርፋክታንት ምን ያደርጋል?

የሰርፋክታንት ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ነዳጅ። ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙበት ወለል ላይ ይሰለፋል፣ ውጥረቱንም ይቀንሳል። ሳሙናም ሰርፋክታንት ነው። እዚህ የሚፈለገው ቅነሳ ግን ሌላ ዓለም ነው። በውሃና በድፍድፍ ነዳጅ መካከል ያለው ውጥረት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊኒውተን በሜትር ነው። ጠብታውን ለማላቀቅ ወደ 0.01 ብሎም ወደ 0.001 መውረድ አለበት። የልብስ ሳሙና ውጥረቱን ይቀንሳል፣ እዚህ ደረጃ ግን አያደርሰውም።

ይህን ያህል ቅነሳ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ካፒላሪ ነምበር የሚባል ቁጥር አለ። የፈሳሹ ፍጥነት በቪስኮሲቲው ተባዝቶ ለውጥረቱ ሲካፈል ነው። በተለመደው የውሃ ግፊት ይህ ቁጥር አንድ አስር ሚሊዮንኛ አካባቢ ነው። የተያዘው ነዳጅ በደንብ እንዲወጣ ቢያንስ ሺህ እጥፍ መጨመር አለበት። ፍጥነቱን ሺህ እጥፍ አናደርገውም፤ አለቱ ይሰነጠቃል። ቪስኮሲቲውን በፖሊመር ሃያ ወይም ሠላሳ እጥፍ ብናደርገው ነው። በሺዎች እጥፍ ልንለውጠው የምንችለው ውጥረቱን ብቻ ነው። ሰርፋክታንት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፣ ምትክም የለውም።

አስቸጋሪነቱ የሚጀምረው ከጨው ነው። ለፖሊመር ጨው ሲያንስ ይሻላል፣ አለቀ። ለሰርፋክታንት ግን ጨው ሲያንስም ሲበዛም አይሆንም። ሲያንስ ሰርፋክታንቱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሲበዛ ወደ ነዳጁ ይገባል። መሃል ላይ ባለ ጠባብ ክልል ብቻ ከውሃውም ከነዳጁም የሚለይ ሦስተኛ ንብርብር ይፈጠራል። ዝቅተኛው ውጥረት የሚገኘው እዚያ ነው። ይህ ክልል ደግሞ ለእያንዳንዱ ነዳጅ፣ ለእያንዳንዱ ሰርፋክታንትና ለእያንዳንዱ ሙቀት ይለያያል። ስለዚህ ኦማን ላይ የሠራ ቀመር ሱዳን ላይ ይሠራል ብሎ መገመት አይቻልም። ሁሌም እንደ አዲስ ይሞከራል።

ሙቀት የኬሚካሉን ዓይነት ይወስናል። ሰልፌት የሆኑ ሰርፋክታንቶች ከ60 ዲግሪ ብዙም ሳያልፉ መበላሸት ይጀምራሉ። ሰልፎኔት የሆኑት ከፍተኛ ሙቀት ይችላሉ። እንደ ኖራ ድንጋይ ባለ ካርቦኔት አለት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ወለሉ ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጋቲቭ የሆኑትን የተለመዱ ሰርፋክታንቶች ስቦ ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ወጪ እንምጣ። ብዙ የተማሪ ጥናት ይህን ያልፈዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሰርፋክታንት አለቱ ላይ ይለጠፋል፣ የተለጠፈውም ለነዳጁ አይደርስም። እንቁጠረው። የአለቱ ቀዳዳዎች ጠቅላላ መጠን 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ፖሮሲቲው (ቀዳዳው ከጠቅላላው አለት ያለው ድርሻ) 20 በመቶ ይሁን። ጠቅላላው አለት 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ጠጣሩ ክፍል 4 ሚሊዮን። በሜትር ኩብ 2.65 ቶን ቢመዝን 10.6 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ አለን። በአንድ ግራም ድንጋይ ላይ 0.3 ሚሊግራም ሰርፋክታንት ቢለጠፍ ጠቅላላው 3,180 ቶን ይሆናል።

ስንት ነበር ልናስገባ ያሰብነው? የቀዳዳውን 30 በመቶ በሚሞላ፣ 0.5 በመቶ ሰርፋክታንት ባለው ውሃ ከሆነ 1,500 ቶን ነው። ድንጋዩ ካስገባነው ሁለት እጥፍ ይፈልጋል። ነዳጁ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። መለጠፉን ወደ 0.1 ሚሊግራም ማውረድ ከቻልን 1,060 ቶን ይጠፋል፣ የቀረው ሰርፋክታንት ሥራውን ይሠራል። የሰርፋክታንት ፕሮጀክት ሞትና ሽረት በዚህች አንድ ቁጥር ላይ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በዚያው አለት ላይ የቀዳዳውን ግማሽ በ1,500 ፒፒኤም ፖሊመር ብንሞላ የሚያስፈልገው 750 ቶን ነው። በግራም 20 ማይክሮግራም ቢለጠፍ 212 ቶን ገደማ ይጠፋል። ያማል፣ ግን አይገድልም። በኪሎ ሲታይም ሰርፋክታንት ከፖሊመር ይወደዳል።

መለጠፉን ለመቀነስ አልካሊ ይጨመራል፤ ሶዲየም ካርቦኔት ወይም ኮስቲክ ሶዳ። ነዳጁ አሲድ ካለው አልካሊው ከአሲዱ ጋር ተዋህዶ እዚያው አለቱ ውስጥ ሳሙና ይፈጥራል። ሁለት ጥቅም በአንድ ዋጋ ይመስላል። ግን ውሃው ካልሲየም ካለው አልካሊው ይዘቅጣል፣ ስለዚህ ካልሲየሙ አስቀድሞ ከውሃው መውጣት አለበት። ዳቺንግ ላይ አልካሊ፣ ሰርፋክታንትና ፖሊመር አንድ ላይ ሲገቡ ተጨማሪው ምርት ከፖሊመር ብቻ በግልጽ በልጧል። በዚያው ልክ ጠንካራው አልካሊ ከአለቱ ያሟሟው ሲሊካ (የአሸዋ ማዕድን) ተመልሶ ፓምፖች ላይ እየጋገረ ጥገናውን አብዝቶታል። የሚወጣው ነዳጅና ውሃም ተቀላቅሎ ለመለየት ያስቸግራል።

ዋጋው በሰርፋክታንት ታሪክ ላይ ጠባሳ ትቷል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነዳጅ ሲወደድ አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሙከራ ፕሮጀክቶች ተጀምረው ነበር። በ1986 ዋጋው ሲወድቅ አብዛኞቹ ቆሙ። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ዘዴ ነው።

ሌላም አለ። ሰርፋክታንት ብቻውን አይላክም። ያላቀቀውን ነዳጅ ከኋላ ሆኖ የሚገፋው ወፍራም ፈሳሽ ከሌለ ተራ ውሃ ሰርጎ ያልፈዋል። ስለዚህ "ሰርፋክታንት መረጥኩ" ያለ ሰው ፖሊመርንም መርጧል ማለት ነው። በተግባር ምርጫው ፖሊመር ብቻ ወይስ ፖሊመርና ሰርፋክታንት አንድ ላይ የሚል ነው።

እንግዲህ የቱን?

የመስክ መረጃ ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማየው።

መጀመሪያ የውሃው ታሪክ። ውሃ ነዳጅ ማውጫው ጉድጓድ ላይ ቶሎ ከደረሰ፣ ነዳጁ ከ10 ሴንቲፖይዝ በላይ ከሆነ፣ ወይም ንጣፎቹ በጣም ከተለያዩ፣ ያልተነካ ነዳጅ ብዙ ነው። ፖሊመር። በተቃራኒው ነዳጁ ቀጭን ከሆነ፣ አለቱ አንድ ወጥ ከሆነና ውሃው ለዓመታት በየቦታው አልፎ አሁን ከሚወጣው ከ95 በመቶ በላይ ውሃ ከሆነ፣ የቀረው ጠብታ ነው። ፖሊመር ብዙ አይጠቅመውም። ሰርፋክታንት ይታሰብ።

ቀጥሎ ሙቀትና ጨው። ከ70 ዲግሪ በታችና ጨው ያነሰበት ከሆነ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። ከ90 በላይና ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ሁለቱም ይወደዳሉ፣ ሰርፋክታንቱ ግን ይበልጥ ይከብዳል። ሸክላ የበዛበት አለት ከሆነ የመለጠፉን ቁጥር ሳትለኩ ስለ ሰርፋክታንት አታውሩ።

ከተጠራጠራችሁ ፖሊመር ይቅደም። ይህ የእኔ ፍርድ ነው። ምክንያቱም ፖሊመር ከጠበቃችሁት ያነሰ ቢሠራ ኪሳራው የሚቻል ነው፣ ፖሊመሩን ለማዘጋጀት የተከላችሁት ፋብሪካም ለቀጣዩ ደረጃ ያገለግላል። ሰርፋክታንት ግን ካልሠራ ገንዘቡ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

በጣም ለወፈረ ነዳጅ እንፋሎት፣ ለጥልቅና ለቀጭን ነዳጅ ጋዝ ከሁለቱም ሊሻል ይችላል። ያ የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

አዳማ ላይ ሆናችሁ ስትሠሩ

እዚህ ከተማ ሆኖ ይህን ማጥናት ይቻላል። ግን ቦታው ራሱ ምርጫውን ይነካል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ድፍድፍ ነዳጅ ነው። ከጅቡቲ ተነስተው በአዳማ የሚያልፉት ቦቴዎች የሚጭኑት የተጣራ ቤንዚን፣ ናፍጣና የመሳሰለውን ነው። አገራችን ማጣሪያ ስለሌላት ድፍድፍ በቀላሉ አይገኝም። በኦጋዴን እ.ኤ.አ. በ2018 ድፍድፍ በሙከራ ደረጃ መውጣት ጀምሮ ነበር፤ እዚያው ያለው የካሉብ መስክ ሀብት ግን በዋናነት ጋዝ ነው፣ ለጋዝ ደግሞ ይህ ዘዴ አይሆንም። ስለዚህ በመረጃ ረገድ እንደ ዳቺንግና ማርሙል ያሉ ብዙ የተጻፈባቸውን መስኮች ተጠቀሙ እላለሁ።

ድፍድፍ አለማግኘት ሁለቱን ርዕሶች እኩል አይጎዳም። ለፖሊመር ጥናት የሚያስፈልገው የነዳጁ ውፍረት ነው። ቪስኮሲቲው የታወቀ ንጹሕ ማዕድናዊ ዘይት፣ ለምሳሌ ፈሳሽ ፓራፊን፣ በቂ ነው። ለሰርፋክታንት ግን የነዳጁ ኬሚስትሪ ወሳኝ ነው። በናፍጣ ያገኛችሁት ጥሩ ውጤት በድፍድፍ ላይ ላይሠራ ይችላል። ከጋራዥ የተገኘ የሞተር ዘይት ደግሞ ይብሳል። ውስጡ የማጽጃ ኬሚካል ስላለ ውጥረቱን ራሱ ይቀንሰዋል፤ እናንተ የእናንተ ሰርፋክታንት የሠራ ይመስላችኋል። ድፍድፍ ማግኘት ካልቻላችሁ ፖሊመርን ምረጡ።

ሁለተኛው ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ጨውነቱ ከነዳጅ አለት ውሃ ጋር አይገናኝም። በቧንቧ ውሃ የተሟሟ ኤችፓም ከሚገባው በላይ ወፍሮ ያስደስታል፣ ያ ውጤት ግን አይታመንም። የመረጣችሁትን መስክ የውሃ ትንተና ፈልጉና ሶዲየም ክሎራይድ፣ ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዚየም ክሎራይድ መዝናችሁ ራሳችሁ አዘጋጁ።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 95 ዲግሪ ሳይሞላ ነው። "በ95 ዲግሪ የሙቀት ጽናት እለካለሁ" ብላችሁ ናሙናውን ክፍት በሆነ የላቦራቶሪ ማሞቂያ ውሃ (ዋተር ባዝ) ውስጥ ካስቀመጣችሁት እዚያ ሙቀት ላይ አይደርስም፤ ውሃው እየተነነም ፖሊመሩ ይወፍርና የጸና ያስመስላል። በደንብ የተዘጋ ጠርሙስና ምድጃ ተጠቀሙ። ከመዝጋታችሁ በፊት ኦክስጅኑን በናይትሮጅን አስወጡ።

ፖሊመር ስታሟሙ ብሌንደር አትጠቀሙ። ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል። ዱቄቱን በሚሽከረከር ውሃ ላይ ቀስ ብላችሁ ነስንሱና በዝግታ እያማሰላችሁ አሳድሩት። ቪስኮሲቲውንም ስትጽፉ በምን የመሸራተት ፍጥነት (ሺር ሬት፣ የፈሳሹ ንብርብሮች አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተቱበት ፍጥነት) እንደለካችሁ ግለጹ። በሰከንድ 7 እስከ 10 አካባቢ የተለካው ለአለቱ ሁኔታ ይቀርባል። ያለዚህ ቁጥር "20 ሴንቲፖይዝ" የሚለው ምንም አይናገርም።

ሰርፋክታንት ለመረጡ አንድ የሚያበረታታ ነገር አለ። ብዙዎች እጅግ ዝቅተኛ ውጥረት የሚለካው ውድ መሣሪያ የለንም ብለው ርዕሱን ይተዉታል። መሣሪያው ባይኖርም ይቻላል። ሰርፋክታንት ያለበትን ውሃና ነዳጁን እኩል እኩል በቀጫጭን ምልክት ባላቸው የመስታወት ቱቦዎች ሙሉ፣ ጨውን በየቱቦው እየጨመራችሁ ሂዱ፣ አሽጉና ምድጃ ውስጥ አቆዩ። መሃለኛው ንብርብር ሲወጣ በውስጡ ያለው የነዳጅ መጠን ለሰርፋክታንቱ መጠን ስንት እጥፍ እንደሆነ አንብቡ። ቹን ሁህ የተባሉት ሳይንቲስት ያቀረቡት ቀመር ውጥረቱን ይሰጣችኋል፤ 0.3 ለዚህ እጥፍ ካሬ ሲካፈል። እጥፉ 10 ከሆነ ውጥረቱ 0.003 ነው፣ ማለትም በቂ። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው፤ ንብርብሮቹ እስኪረጉ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

እንዶድን የሚያነሱ ተማሪዎችም አሉ፣ ደስ ይለኛል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተፈጥሮ ሰርፋክታንት ነው። ሊጠና ይገባል። ግን በእውነት እንነጋገር፤ የዕፅዋት ሳፖኒን ብቻውን ውጥረቱን ወደ 0.001 ያወርዳል ብላችሁ ፕሮፖዛል አትጻፉ። ከሌላ ሰርፋክታንት ጋር በረዳትነት፣ ወይም አለቱ ላይ ቀድሞ ተለጥፎ ውዱን ሰርፋክታንት እንዲያተርፍ ብታጠኑት ጥያቄው የተሻለ ነው።

በመጨረሻ የአሸዋ ቱቦ ሙከራ። ብዙ ተማሪ አንድ ቱቦ በአንድ ዓይነት አሸዋ ይሞላና ሁለቱን ኬሚካሎች ያወዳድራል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። አንድ ወጥ አሸዋና ቀጭን ዘይት ከሆነ ፖሊመር የሚሠራው ሥራ የለውም፣ ተራ ውሃ በየቦታው ደርሷል። ሰርፋክታንቱ "አሸነፈ" ይባላል። ስለዚህ ሁለት ቱቦ አዘጋጁ። አንደኛው በአንድ ዓይነት የተነፋ አሸዋ ይሞላ፣ በቀጭን ዘይት። ሁለተኛው ርዝመቱን ሙሉ ግማሹ ሻካራ ግማሹ ደቃቅ አሸዋ ይሁን፣ በወፍራም ዘይት። ሁለቱንም መጀመሪያ በጨው ውሃ እጠቡ፣ ነዳጅ መውጣቱ እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ በኋላ ብቻ ኬሚካሉን አስገቡ። ቱቦው ግልጽ ከሆነና ውሃውን በምግብ ቀለም ካቀለማችሁት፣ ሁለተኛው ቱቦ ላይ ፖሊመሩ ሲገባ ቀለሙ ከሻካራው ወደ ደቃቁ አሸዋ ሲዞር በዓይናችሁ ታያላችሁ። የአሸዋውን ቀዳዳዎች የሚሞላ ያህል ፈሳሽ በገባ ቁጥር የወጣውን ዘይት እየለካችሁ መዝግቡ።